ለጎብኚው የራሱን ልደት ሰጠነው

ድርጅታችን የሠራተኛ አስተዳደር ሶፍትዌር ይሠራል። ደመወዝ፣ ፈቃድ፣ ጡረታ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሻይ በእጁ ይዞ ቆሞ ሊያየው የሚጓጓ ሰው የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሀሳብ ጉባኤ ላይ ቡዝ (ማሳያ ቦታ) ስንይዝ ሶፍትዌሩን ላለማሳየት ወሰንን።

በምትኩ ጎብኚው በፈረንጅ የተወለደበትን ቀን ያስገባል። ማሽኗ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ዕለቱንና የየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደሆነ አትማ ትሰጠዋለች። በቃ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቀኑን መጀመሪያ ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር መቀየር፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ማምጣት። ያደከመን ማተሚያው ነው። የሱቅ ደረሰኝ የምታወጣዋን ትንሽ ማተሚያ ገዛን፤ ቀለም አትፈልግም፣ ፈጣን ናት። ፊደላችንን ግን አታውቅም። ጽሑፉን እንደ ፎቶ አድርገን ስንልክላት እሺ አለች። ሁሉም ነገር ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራም አደረግን። የአዳራሽ ዋይፋይ የሚያምን ሰው ቡዝ ባይይዝ ይሻለዋል።

ሌላው ጉዳይ ሰዓት ነው። ንግድ ትርኢት ላይ ሰው ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። የሀሳብ ጉባኤ ላይ ግን ንግግር ሲኖር ኮሪደሩ ጭር ይላል፤ ሻይ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም በአንዴ ግር ብሎ ይወጣል። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ጨዋታ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። ስም አልጠየቅንም፣ ቀኖቹንም አላስቀመጥንም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ደግሞ ሰው ስልክ ቁጥሩን እንደማንጠይቀው ሲያውቅ ፊቱ ይፈታል።

ያልጠበቅነው ሰዉ ወረቀቱን እንደያዘ እናቱ ጋ መደወሉን ነው። አንዲት ልጅ ፓስፖርቷ ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 ይላል። ማሽኗ ጳጉሜ 6 ቀን 1995፣ ሐሙስ፣ ዘመነ ሉቃስ አለቻት። «እኔ እኮ የእንቁጣጣሽ ልጅ ነኝ!» ብላ ደወለች። እናቷ በስፒከር፦ «በእንቁጣጣሽ ነው እንጂ! ልጆቹ በር ላይ አበባየሆሽ እያሉ አይደል እንዴ የወለድኩሽ!»

ማሽኗም እናቷም ልክ ናቸው። 1995 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ቀን ነበራት። ስለዚህ የ1996 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ፎርሙን የሞላው ሰው እንደ ልማዱ 11 ብሎ ጻፈና አንድ ቀን አስቀደማት።

ከኋላዋ ተሰልፈው የነበሩ አንዲት ሴትዮ ይህን ሁሉ ሰሙ። የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። «ይሄ ነገር የእኛም ሠራተኞች ፋይል ላይ ይኖራል ማለት ነው?» አሉን። አንድ ቀን ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ከፈረንጁ ዓመት 7 መቀነስ ሲገባ 8 የተቀነሰበት ሰው ግን 60 ዓመቱን የሚሞላበት ቀን በአንድ ዓመት ይዛነፋል። ጡረታ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሶፍትዌሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትነው ያኔ ነው። በራሳቸው ጥያቄ።

ቡዙ ላይ ያቆምነው የሽያጭ ሰው ሳይሆን ኮዱን የጻፉትን ልጆች ነው። «ለምን ሐሙስ?» ሲባሉ እዚያው አስልተው ያሳያሉ። ብሮሹሩ እንደታሰረ ተመለሰ። ለሚቀጥለው እሱን ትተን ሁለተኛ ማተሚያ እንገዛለን። የማተሚያዋ ወረቀት ውሎ ሲያድር ስለሚደበዝዝም ጽሑፉን ፎቶ እንዲያነሱት የሚያስታውስ መስመር ከታች እንጨምራለን።