ትንሿ ድስት

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ የምትሠራው ለሠፈር ነው። አሁን በቤቱ ያለነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሷ፣ እኔና ልጄ። ዛሬ ትልቁን ድስት ጓዳ አስገብቼ ትንሿን ሳወጣ፣ "ይህቺ ለማን ትበቃለች?" አለችኝ። ያደረ ወጥ ይጣፍጣል ባይ ናት። እውነቷን ነው፣ ይጣፍጣል።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለደም ካንሰር ኬሞቴራፒ ይወስዳል። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሉን ሲያወርደው፣ እኛን ሆድ ቆርጦን የሚያልፈን ነገር እሱን ሆስፒታል ያስተኛዋል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቀመጥ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ተነግሮኛል። 32 ዲግሪ ለድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ምኑ ነው! መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ማቀዝቀዣዬ ከቁም ሣጥን አይሻልም። ስለዚህ ሽሮውን ለአንድ ማዕድ ብቻ እሠራለሁ፤ ዶሮው ቀይ ፈሳሹ እስኪጠፋ፣ የእንቁላሉ አስኳል እስኪጠነክር እጠብቃለሁ። ሻጋታ የታየበትን እንጀራ እንደ ድሮው ጫፉን ቆርጬ አልበላም፣ ሙሉውን እጥላለሁ። እንጀራ መጣል እስካሁን ያመኛል።

ትናንት እማዬ ከገበያ የግመል ወተት ይዛ መጣች፤ ለልጅ ልጇ፣ ከታመመ ወዲህ ለከሳው። በጥሬው ልትሰጠው ነበር። ተቀብያት እሳት ላይ ጣድኩት። "የፈላ ወተት ነፍሱ የወጣ ነው" ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እኔም ወተቱ እንዳይገነፍል እያማሰልኩ ዝም አልኩ። ምን እላታለሁ? እኔን ያሳደገችኝ በዚያው ጥሬ ወተት ነው።

ጉርሻን ግን አልከለከልኳትም። ምናልባት መከልከል ነበረብኝ። ልጁ በራሱ እጅ ሁለት ጉርሻ በልቶ የሚተወውን ምግብ ከእሷ እጅ ሲሆን ይጨርሰዋል፤ እኔም ይህን እያየሁ አንጀቴ አልቻለም። ባይሆን በሳሙና እስከ ሃያ ተቆጥሮ ትታጠባለች፤ ቆጣሪው እሱ ነው።

ዛሬ ማታ ርቦት ኖሮ ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሰባት ዘለለ። እማዬ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችውና "አሥራ ሁለት" አለችው።