«ወጥቻለሁ» ሲሉኝ

ሐረር፣ ቅዳሜ ማታ

የትናንቱን ስሕተት ሳልጽፈው እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

የምሠራው ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ እንግዳ በሚያሳድር አንድ ቤት ነው። ከእንግዶቻችን አንዷ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ የውጭ አገር ሴት፣ ብቻቸውን ሲዘዋወሩ ውለው ሊመሽ ሲል ደወሉልኝ። ከግንቡ በሮች አንዱ የሆነው፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ኤረር በር አጠገብ ናቸው፤ መንገዱ ጠፍቷቸዋል። እኔ መሐል አደባባዩ ፈረስ መጋላ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። ከተማው ወደ ምሥራቅ እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ ከኤረር በር ወደ ፈረስ መጋላ የሚመጣ ሰው ዳገት ይወጣል። እኔም በልቤ ያሰብኩት «በያዙት መንገድ ይውጡ» ልላቸው ነው። ከአፌ የወጣው እንግሊዝኛ ግን «ካም አውት» ሆነ።

እሳቸውም ያልኳቸውን አደረጉ። በበሩ አልፈው ከግንቡ ውጭ ወጡ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቄ ስደውል፣ «እንዳልከኝ ወጥቻለሁ» አሉኝ። በአንድ ትንፋሽ ቁልቁል ሮጥኩ። ገበያተኛው ተበትኗል፤ ጨለማው እየወረደ ነው፤ እሳቸው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ የበሩን ግንብ ተደግፈው ቆመዋል። አልተቆጡም። «‹አውት› ብለኸኝ ነበር» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት «ወጣ» የሚለውን የራሴን ቃል ነው። ከቤት የሚሄድ ሰው ወጣ፤ ተራራ ጫፍ የደረሰም ወጣ። ከደጅ መውጣትና ዳገት መውጣት ለእኔ አንድ ነበሩ፤ ሁለት መሆናቸውን እንግሊዝኛ እስኪጠይቀኝ ድረስ ልብ ብዬ አላውቅም። እንግሊዝኛ አንዱን «አውት»፣ ሌላውን «አፕ» ይለዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንዲት እናትን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ሊያስቀር እንደሚችል ትናንት አየሁ።

ልጅ ሳለን የእንግሊዝኛን መስተዋድዶች የተማርነው በዝርዝር ነበር። «ኢን» ማለት ውስጥ፣ «ኦን» ማለት ላይ፣ «ፍሮም» ማለት ከ። በቃላችን ይዘን ባዶ ቦታ ሞላንበት። ዝርዝሩ ዕቃ የት እንደተቀመጠ ለመናገር ይበቃል። ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ይከዳል፤ እኔን ለብዙ ዓመታት ከድቶኛል።

«ልጁ ሮጦ ገባ» እንበል። የዓረፍተ ነገሩ ማሠሪያ «ገባ» ነው። «ሮጦ» እንዴት እንደገባ የሚነግረን ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ብናወጣው እንኳ ልጁ ቤት ነው። እንግሊዝኛው ግን «ራን ኢንቱ» ይላል። ዋናው ግሥ መሮጡ ሆነ። መግባቱስ የት ሄደ? «ኢንቱ» በምትባለው በዚያች ትንሽ ቃል ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ «ኢንቱ»ን በአማርኛ ብፈልጋት የማገኛት «ውስጥ» በሚለው ሳይሆን «ገባ» በሚለው ውስጥ ነው። «አውት» ወጣ ነው፤ «ዳውን» ወረደ፤ «አክሮስ» ተሻገረ፤ «ፓስት» አልፎ ሄደ። እኛ እያነከሰ ወጣ፣ ተንከባልሎ ወረደ፣ ዘሎ ተሻገረ፣ ሾልኮ ገባ ስንል፣ እነሱ ማነከሱን፣ መንከባለሉን፣ መዝለሉንና መሹለኩን ግሥ አድርገው የእኛን ዋና ግሥ ከኋላ ያስከትሉታል። የእኛ ራስ የእነሱ ጭራ ነው።

ይህን ያስተዋለው የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። ሌናርድ ታልሚ የተባሉ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ቋንቋዎች የጉዞን አቅጣጫ የት እንደሚያስቀምጡ ለይተው አሳይተዋል፤ አንዳንዶቹ በግሡ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ከግሡ ጎን በምትቆም ቃል ላይ። ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናቸው። አማርኛችንም በዚህ ጠባዩ ወደ እነሱ ያደላል።

ፈረንሳይኛን ሳነሳ አያቴ ትዝ ይሉኛል። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ድሬዳዋ ደግሞ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1917 ቆይቷል። ጣቢያውን ለገሃር ማለታችንም ከፈረንሳይኛ የቀረ ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ ፈረንሳይኛ ይናገሩ ነበር፤ ቤት ውስጥ እንኳ ልጆቹን «ሞንቴ!» «ዴሳንድር!» እያሉ ያዝዙ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ የሚሉት ቃላት እዚያም እያንዳንዳቸው ሙሉ ግሥ ሆነው ጠበቋቸው። «ወጣ»ን ግን ፈረንሳይኛም ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከደጅ መውጣት «ሶርቲር»፣ ሽቅብ መውጣት «ሞንቴ» ነው። አያቴ ይህን እንዴት እንደለመዱት ሳልጠይቃቸው ዐረፉ። ይቆጨኛል።

እንግሊዝኛም እንዲህ ያሉ ግሦች አሉት። «ኢንተር»፣ «ኤግዚት»፣ «አሴንድ»፣ «ዲሴንድ» የላቲን ዘር ናቸው፤ ከ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማኖች ወረራ በኋላ ከፈረንሳይኛ ጋር ብዙ የላቲን ዘር ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቷል። ለእኛ ጆሮ ቅርብ ስለሆኑ ወደ እነሱ እንሮጣለን። ነገር ግን ልብሳቸው የክት ነው፤ በር ላይ ተጽፈው ይታያሉ እንጂ በቡና ላይ ወግ ብዙ አይሰሙም። ደግሞም ክፍል ሲገባ «ኢንተር» ከኋላው «ቱ»ም «ኢንቱ»ም አይፈልግም፤ መግባቱን በሆዱ ይዞታል። እኔ ስንት ዓመት «ኢንተር ቱ» ስል ኖሬያለሁ! አማርኛዬን ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር፤ ቤት ገባ፣ ሐረር ወጣ፣ ድሬዳዋ ወረደ እንላለን እንጂ ምንም አንጨምርም።

«ወረደ»ም የራሱ ጣጣ አለው። ከደንገጎ ቁልቁለት የሚወርድ፣ ከአውቶቡስ የሚወርድ፣ ከባጃጅ የሚወርድ፣ ለእኛ ሁሉም ወረደ። ለእነሱ የመጀመሪያው «ዳውን» ነው። አውቶቡስና ባቡር ቆመው የሚሄዱበት ወለል ስላላቸው «ጌት ኦን» ብለው ይሳፈሩባቸዋል፤ «ጌት ኦፍ» ብለው ከእነሱ ይወርዳሉ። ፈረስና ብስክሌትም፣ ላያቸው ላይ ስለሚቀመጡ፣ እንደዚሁ ናቸው። ጎንበስ ብለው ገብተው በሚቀመጡባት ታክሲ ግን «ጌት ኢን»፣ ሲወርዱ «ጌት አውት»። ባጃጅ ከታክሲ ጋር ትመደባለች። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ኦንና ኢን አምታተውኝ አያውቁም፤ ተሳፋሪው ላዩ ላይ ይቀመጣል ወይም በውስጡ ቆሞ መራመድ ይችላል ወይ ብዬ መጠየቅ ይበቃኛል።

እሑድ ጠዋት

ዛሬ ማለዳ እኚያ እንግዳ ሰገነቱ ላይ ቡና እየጠጡ አገኘኋቸው። ደብተሬን አሳየኋቸው። ገጹን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን «አፕ» የሚሆኑትን «ወጣ»ዎች፣ በሌላው «አውት» የሚሆኑትን ጽፌ ነበር። ዛፍ ወጣ፣ ደረጃ ወጣ፤ በዚያ በኩል ደግሞ ከእስር ቤት ወጣ፣ ጋዜጣው ወጣ፣ ጥርሱ ወጣ። የልጅ ጥርስ ቢነቀልም ቢበቅልም እኛ «ወጣ» እንደምንል ስነግራቸው፣ በእነሱ ግን የተነቀለው «አውት»፣ የበቀለው «ኢን» እንደሆነ ነገሩኝ። ለሚበቅል ጥርስ «ገባ» ማለታቸው እስከ አሁን ይደንቀኛል።

ከዚያ በግንቡ ማዶ ወደ ምሥራቅ እያዩ፣ «ይህችንስ ምን ትሏታላችሁ?» አሉኝ።

«ፀሐይ ወጣች» አልኩ።

እርሳሴን ተቀብለው ከአድማስ ብቅ ስትል «አፕ» በሚለው ሥር ጻፏት። ወዲያው ደመና ሸፈናት። ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ደመናው ተገለጠ፤ ብርሃኑ በቆርቆሮ ጣራዎቹ ላይ ፈሰሰ። እኔም ደብተሬን ወስጄ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «አውት» በሚለው ሥር ደግሜ ጻፍኳት።