አንድ ዶቃ ሲበዛ

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የካቶሊክ ቁምስና፣ እሑድ ጧት ከቅዳሴ በኋላ፣ 24 የትምህርተ ክርስቶስ ልጆች ለመቁጠሪያዋ እመቤታችን በዓል የየራሳቸውን መቁጠሪያ ሊሠሩ ተቀመጡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በእጁ የሠራ ልጅ የእያንዳንዱን ዶቃ ቦታ አይረሳም። ዶቃው ከከፊራ ገበያ ተገዛ። እዚያ ሻጩ «ለሙስባሃ ነው?» ብሎ፣ ለሙስሊሞች መቁጠሪያ መስሎት፣ በ33 ሊቆጥር ይጀምራልና የሚፈለገውን ቁጥር ቀድሞ መናገር ያሻል። ስሙንም «ዶቃ» ወይም «ፍሬ» ማለት ይሻላል። «ጨሌ» ከተባለ ዛርና አድባር ትዝ የሚላቸው እናቶች አሉ፤ ልጁም ቤቱ ሲገባ ተቆጥተውት ይመለሳል።

መምህሯ ሒሳቡን በጭንቅላቷ አወጣችው። ክቡ ላይ አምስት ጊዜ አሥር ትናንሽ፣ ለእያንዳንዱ አሥር አንድ «አባታችን ሆይ» የሚባልበት ትልቅ፤ መስቀሉ በሚንጠለጠልበት ጅራት ላይ ሦስት ትንሽና ሁለት ትልቅ። ድምሩ 60። ወረቀት ላይ ምንም ስሕተት አይታይበትም።

ጉዱ የወጣው ሲጸለይ ነው። ክቡና ጅራቱ ከሚገናኙበት ሜዳሊያ ወደ ቀኝ የሄዱት ልጆች «አባታችን ሆይ»ን ሁለት ጊዜ አከታትለው አሉ። ወደ ግራ የሄዱት ደግሞ አምስቱን ምሥጢር (በየአሥሩ የሚታሰበውን የኢየሱስና የማርያም ሕይወት ክንውን) ጨርሰው ሌላ ትልቅ ዶቃ ላይ ቆሙ። ሌላው ሲያማትብ አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ እኔ ገና ነኝ አቦ!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ክቡ ላይ ትልቅ ዶቃ የሚገባው በአሥሮቹ መካከል ብቻ ነው፤ በአምስት አሥሮች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አራት ነው። የመጀመሪያው አሥር «አባታችን ሆይ» የሚባለው ጅራቱ ላይ፣ ለሜዳሊያው ቅርብ በሆነው ትልቅ ዶቃ ነው። ስለዚህ 6 ትልቅና 53 ትንሽ፣ በድምሩ 59።

ትርፏን ዶቃ ማውጣት ቀላል መሆን ነበረበት፤ ግን የናይለኑ ጫፍ እንዳይተረተር አስቀድሞ በክብሪት ተለብልቦ ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። መቁረጥ እንዳይሞከር ደግሞ ገመዱ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር እንደገና ለመቋጠር አይተርፍም። ያዳነው የዘበኛው ፒንሳ ነው። ፕላስቲክ ዶቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ በፒንሳ ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፣ ገመዱ አይነካም። ጨርቁ ለዓይን ነው፤ ስባሪው ይፈናጠራል። የሚቀረው ክፍተት አይጎዳም፤ እንዲያውም ዶቃው ተጣብቆ ከተሰካ ጣት አያሳልፍም፣ በየትልቁ ዶቃ ግራና ቀኝ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት መተው አለበት። ለ6 ሚሊ ሜትር ዶቃ አንድ ሜትር ገመድ ይበቃል። መለብለቡ የመጨረሻ ሥራ ይሁን፦ መጀመሪያ ክቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሌላ ልጅ ጮክ ብሎ «10፣ 1፣ 10፣ 1፣ 10፣ 1፣ 10፣ 1፣ 10» ብሎ ይቁጠርለት።

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉት አንድ አሥር ይበቃል፤ አምስቱን ማስባል መንቀዥቀዥን ማስተማር ነው። ለወጣቶቹ የየቀኑ ምሥጢራት ይጨመሩ፦ ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የኀዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ ሐሙስ የብርሃን። የብርሃኑን ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የጨመሩት። አያቱ ሐሙስን «የደስታ ነው» ብላ ያስተማረችው ልጅ ከመጣ ተሳስታለች አይባልም፤ የድሮው ሥርዓት እንደዚያ ነበር።

ቀኑም ሌላ ጣጣ አመጣ። በዓሉ ኦክቶበር 7 ነው፤ በ1571 እ.ኤ.አ. የክርስቲያን መርከቦች ኦቶማን ቱርኮችን ካሸነፉበት የሌፓንቶ የባሕር ውጊያ ጋር የተያያዘ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 27 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን መስከረም 26። መምህሯ «27» ብላ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ኦርቶዶክስ ጎረቤት ያላት አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ 27 መድኃኔዓለም ነው፤ ማርያም 21 ናት!» አለች። ልክ ናት። በየወሩ የሚመላለሰውና በዓመት አንድ ጊዜ የሚውለው በዓል አንድ ሰሌዳ ላይ ሳይለዩ ከተጻፉ ልጆች ይምታታባቸዋል፤ በሁለት ቀለም ጠመኔ፣ የኛም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን ሲጻፍ ጥያቄው ቆመ።