የፀጉር ቤቱ በረዶ

ጅማ ውስጥ ፀጉሬን የምስተካከልበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ፖስተር አለ። እናንተም ሰፈር አይጠፋም። መንገድ ዳር የሚሸጥ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ የስዊዘርላንድ ይሁን የኦስትሪያ የማይታወቅ የበረዶ ተራራ። ይኼኛው ግን ሰው አለበት። ቀይ ልብስ ለብሷል። እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ስኪዎች፣ የበረዶ መንሸራተቻዎች፣ አስሯል። ከገደል ጫፍ ዘሎ አየር ላይ ነው። ከኋላው ነጭ ነገር እንደ ባዘቶ ተበትኗል።

ወረፋ እየጠበቅኩ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። "አይ ፈረንጅ! ሥራ ሲያጣ" ብዬ ነበር የማልፈው። የሚያሳፍረው እኔ ራሴ ፎቶ አንሺ መሆኔ ነው። ሰርግ፣ ልደት፣ ክርስትና፣ ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅ ደግሞ ጋዋንና አበባ።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። መብራት ሄደ። ቶንዶዙ ቆመ። ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጦ ግማሹ እንደጎፈረ ቁጭ አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በማበጠሪያቸው ፖስተሩን እየጠቆሙ ጠየቁኝ።

"አንተ ፎቶ አንሺ አይደለህ? ይኼ ሰውዬ ምን ያህል ከፍ ብሏል?"

"አስር ሜትር ይሆናል።"

"በምን አወቅክ?"

ዝም አልኩ። ጋሼ ማበጠሪያውን ከሰውዬው እግር ወደ ታች፣ በጣም ወደ ታች ወሰዱት። በረዶው ላይ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ አለች። የዝንብ ኩስ መስላኝ ነበር። "ጥላው እዚህ ነው" አሉ። "በቁመቱ ለካው።" ለካሁት። ስድስት ቁመት አካባቢ መጣ። በእርግጥ ጥላ እንደ ፀሐዩ አቅጣጫ ይሸሻልና ልኩ ትክክል ላይሆን ይችላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እሳቸው በረዶውን ሲያዩ እኔ ስድስት ዓመት ሰውዬውን ብቻ አይ ነበር።

መብራት መጣና ፀጉሬ አለቀ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስልኬ ላይ የስኪና የስኖውቦርድ ፎቶ መሰብሰብ ጀመርኩ። ስኪ ለየእግሩ አንድ አንድ ነው። ስኖውቦርድ ደግሞ ሁለቱም እግሮች የሚታሰሩበት አንድ ሰፊ ሰሌዳ ነው። ወደ ጎን ዞረው ቆመው ነው የሚንሸራተቱበት። አንድ ዘዴ አገኘሁ። ፎቶው ሲከፈት ሰውዬውን በአውራ ጣቴ እሸፍነዋለሁ። ከየት መጣ? ወዴት ሊሄድ ነው? ፍጥነቱስ? የቀረው ፎቶ እነዚህን ከመለሰልኝ ጥሩ ፎቶ ነው። ካልመለሰ፣ ሰውዬው የፈለገውን ያህል ቢገለባበጥ፣ ቶሎ ይሰለቸኛል።

መጀመሪያ የከበደኝ በረዶው ራሱ ነው። ለኛ በረዶ ማለት ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር የሚንኳኳው ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው። ተራራ ላይ እንደ ላባ የሚወርደውንም በረዶ እንለዋለን። ስሙ አንድ ስለሆነ ፎቶ ላይ ያለው ነጭ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚበተነውን አይቶ መሬቱን ማወቅ ይቻላል። አዲስ የወረደ በረዶ ሲቀደድ እንደ ደመና ይነሳል። አንዳንዴ እስከ ደረት፣ አንዳንዴ ሰውዬውን ራሱን ይውጠዋል። የውድድር መንገድ ግን ሌላ ነው። እንዲጠነክር ውሃ የሚያጠጡት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ ስኪው ሲዞር የሚፈናጠቀው ቀጭን፣ ስለታም፣ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ነው። አሁን ፎቶ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ብርሃን። በጣም ያስደነገጡኝን ፎቶዎች ለይቼ ሳያቸው አብዛኞቹ ፀሐዩ ከፊት ለፊት፣ ማለትም ከሰውዬው ኋላ ናቸው። የተበተነው በረዶ የሚያበራው ለዚህ ነው። ሰማዩ ሲደፈን ደግሞ ነጭ በነጭ ይሆናል። ጥላ የለም፣ ጉድጓዱና ጉብታው አይለይም። ፎቶ አንሺዎቹ ያኔ ወደ ዛፍ ይሸሻሉ። ግንዱ ጥቁር ስለሆነ ዓይን የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከጃፓን ሆካይዶ የሚመጡት ፎቶዎች ዛፍ የሚበዛባቸው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል። ከሳይቤሪያ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ባሕሩን ሲያቋርጥ እርጥበት ይዞ ይመጣና በረዶውን እዚያ ያወርደዋል። ሰማዩ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።

ስለ አንድ ፎቶ ግን ረጋ ብዬ ላውራ። እ.ኤ.አ. 1998፣ የጃፓኗ ናጋኖ፣ የክረምት ኦሊምፒክ። ስኖውቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባበት ዓመት ነው። የኦስትሪያው ስኪ ተወዳዳሪ ሄርማን ማየር በቁልቁለት ውድድር መስመር ስቶ ተወነጨፈ። ካርል ያርብሮ የሚባል ፎቶ አንሺ አየር ላይ አግድም ተዘርግቶ እያለ ቀጭ አደረገው። መጀመሪያ ሳየው "አቤት ዝላይ!" አልኩ። መውደቁን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰውዬው አጥር ጥሶ ወድቆ ተነሳ። ከሦስት ቀን በኋላ ወርቅ ወሰደ። ከዚያም ሁለተኛ ወርቅ ደገመ።

ይኼ ፎቶ ዝላይንና ውድቀትን መለየት አስተማረኝ። አውቆ የዘለለ ሰው ይሰበሰባል። ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ዓይኑ የሚያርፍበትን ያያል። ስኖውቦርደሮች አየር ላይ ቦርዳቸውን በእጃቸው የሚይዙት ለጉራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዳኛ ያየዋል፣ ጉራም አለበት። ግን ሰውነትን ይሰበስባል፣ ያረጋጋል። የሚወድቅ ሰው እጅና እግር ግን የየራሱን መንገድ ይሄዳል።

የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) የቤጂንግ ክረምት ኦሊምፒክ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። ለቻይና የተወዳደረችው የስኪ ዘላይ ኤይሊን ጉ ወርቅ ያገኘችበት የትልቁ ዝላይ ቦታ ድሮ ብረት ፋብሪካ የነበረ ግቢ ነው። ከኋላዋ ተራራ የለም። ግዙፍ የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ማማዎች ናቸው። አንዳንዱ ሰው "አስቀያሚ" ብሎታል። እኔ ወድጄዋለሁ። ተራራ ምን ያህል እንደሚተልቅ ዓይን አያውቅም። ሰው የሠራው ነገር አጠገቧ ሲቆም ግን ምን ያህል እንደራቀች ወዲያው ይገባል።

(የኛ ሰውም በዚህ ዓለም አለበት። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። እሱ የተወዳደረው ግን በረዥሙ የሜዳ ስኪ ነው፣ ዝላይ የለውም። ክረምት ኦሊምፒክ ላይም ቢሆን ጽናት የሚጠይቀውን መርጠን ገባን ማለት ነው።)

አሁን ጥቅሙን ልንገራችሁ። ዓመታት የሙሽራ ቬሎ ግራጫ ይወጣብኝ ነበር። ነጭ ቬሎ፣ ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ አበባ፣ ፎቶው አመድ። ኤዲት ላይ ስታገል አድር ነበር። በረዶ የሚያነሱት ሰዎች ችግሩን ቀድመው ያውቁታል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መሃከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ከፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ ከሆነ "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል። መፍትሔው ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ በፕላስ 1፣ ሲያስፈልግ እስከ ፕላስ 2 መጨመር ነው። በሚቀጥለው ሰርግ ፕላስ 1 አደረግኩት። ቬሎው ነጭ ወጣ። ጅማ ተቀምጬ ከበረዶ ተራራ ለሙሽራ መድኃኒት አመጣሁ ማለት ነው።

ከዚያ እኔም መሞከር አማረኝ። በረዶ የለንም። ጭቃ ግን አለን፣ ምስጋና ለጅማ ክረምት። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው በጅሬን በኩል ቁልቁለት አለ። ልጆች በሳይክል ይወርዱበታል። ከታች ዝናብ ያቆረው ቀይ ውሃ አለ። በሙሉ ፍጥነት ይገቡበታል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ሁሌ የሚያደርጉት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከመቶ በላይ አንስቼ አንድም አልረባም። ካሜራዬ አሮጌ ካኖን 600ዲ ነው። በሰከንድ 3.7 ፎቶ ነው የሚያነሳው። ልጁ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከወረደ በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መሃል ከ2 ሜትር በላይ ያመልጠኛል። ወይ ውሃው ጋ አልደረሰም፣ ወይ አልፏል። ካሜራው እንደ መትረየስ ያንሳልኝ ብሎ መጫን እንደማያዋጣ ገባኝ። በሁለተኛው ቀን ፎከሱን ውሃው ጠርዝ ላይ ባለች ድንጋይ ላይ አስተካክዬ ማንዋል ላይ ተውኩት። ሻተሩን በሰከንድ 1/1000 ውስጥ ተከፍቶ እንዲዘጋ አደረግኩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም የሚሄደው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ መጫን። ጎማው ድንጋይዋን ሲነካ።

ተያዘ። ግን ውሃው ቡናማ፣ ድፍን፣ የሻይ እድፍ መሰለ። ፀሐዩን ከጀርባዬ አድርጌ ነበራ! የስቱዲዮ ልማድ። ፖስተሩን እያሰብኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደመናው ትንሽ ሲከፈት፣ ፀሐዩን ፊት ለፊት ይዤ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁ። ብዙ አትጠጉ። ሌንሴ ላይ የተረጨውን ጭቃ በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ ፊልተሩን ጫርኩት። መጀመሪያ ማጠብ ነበረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ነው ፎቶውን ያገኘሁት። ወዲያው ጥፋቱም ተከተለ። ልጁ ውሃውን እንዳለፈ ተንሸራቶ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። ካሜራ ስላየ ፍጥነት መጨመሩን ማየት ነበረብኝ። ይዤው ቤቱ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ጠበቁን።

"ልጄን ለፎቶ ብለህ ልትሰብርብኝ ነው? ያውም ኮንጎውን አንድ እግር ጥሎ መጥቷል!"

ይቅርታ ጠየቅኩ። ፋሻ ገዛሁ። ጫማውን ከልጆቹ ጋር ብንፈልግ አጣነው። በማግስቱ አዲስ ኮንጎ ገዝቼ ወሰድኩ። እናቱ ተቀበሉ፣ ቡና ግን አላሉኝም። በጅማ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ "ድገመው" የሚለውን ቃል ለልጅ አልናገርም። ራሱ ሊደግም ሲነሳም ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ።

ፎቶውን በትልቁ አሳተምኩት። የልጁ ፊት ልዩ ነው። ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ሦስት ሳምንት ፊቱን ሳይ ከረምኩ። ለጋሼ ወስጄ ሰጠኋቸው። ከፖስተሩ አጠገብ ሊሰቅሉት ምስማር አወጡ። ከመስቀላቸው በፊት ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ያን ያስተማርኳቸውን ነገር አደረጉ። ልጁን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት።

ቆዩ። ቆዩ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

ተጠጋሁ። ግራ በኩል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ ባበራው ውሃ መሃል፣ አንዲት አረንጓዴ ነገር አለች። ቅጠል መስላኝ ነበር፣ ካየኋትም። ተረከዟ ወደ ላይ ነው። ከኋላዋ የውሃ ጠብታ እንደ ጭራ ተሰልፏል።

"ወደ ቦዩ ነው የሄደችው" አሉ ጋሼ፣ ምስማሩን ከንፈራቸው መሃል እንደያዙ።