ቺፑን እንጂ ዕቃውን አያውቀውም

አርዱይኖ በተባለው ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ቦርድ የምለማመደው ኤልኢዲ ከማብራት አልፎ ሴንሰር ላይ ደርሷል። ሰሞኑን ግን ኮዱን ትቼ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ከርሟል፤ ኬብሉን ስሰካ ኮምፒውተሩ የትኛውን ድራይቨር (ዕቃውን የሚያናግረውን ሶፍትዌር) እንደሚጠራ በምን ያውቃል?

ነገሩ የጀመረው ኡቡንቱ 22.04 በተባለው ሊኑክስ ላይ ነው። ናኖ የሚባለውን ርካሽ የአርዱይኖ ቦርድ ስሰካ ፖርቱ (ኮምፒውተሩ ቦርዱን የሚያናግርበት በር) ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ኬብል ቀየርኩ፣ ያው ነው። የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መልእክት ሳነብ ሲኤች341 የተባለው ድራይቨር ቦርዱን በደንብ ተቀብሎታል። ወዲያው ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም መጥቶ ይነጥቀዋል። ይህ ደግሞ ዓይነ ስውራን የሚያነቡበትን የብሬል ማሳያ የሚያንቀሳቅስ ነው። ናኖን ከብሬል ምን አገናኘው?

መለያ ቁጥሩ ነው ያገናኛቸው። የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር ይናገራል። ናኖዬ ላይ ያለው ሲኤች340 ቺፕ «1ኤ86፣ 7523» ይላል። እያንዳንዱ የሊኑክስ ድራይቨር የሚይዛቸውን ቁጥሮች አስቀድሞ አስመዝግቧል። ዩዴቭ የሚባለው የተሰኩ ዕቃዎችን የሚያስተናግድ የሊኑክስ ፕሮግራም ያመሳክርና የገጠመውን ያስጭናል። ዊንዶውስም ያው ነው፤ ዝርዝሩን አይኤንኤፍ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ችግሩ ቁጥሩ የቺፑ መሆኑ ነው። ያንኑ ቺፕ የያዘ የብሬል ማሳያም አለ። ዘበኛ እንግዳውን በጃኬቱ ብቻ ሲለይ በሉት። ፕሮግራሙን ከነጭራሹ ማጥፋት አልፈለግኩም፤ ከዩዴቭ ደንቦቹ ይህን ቁጥር የያዘችውን መስመር ብቻ ዘጋሁ፣ ፖርቱም ረጋ።

ኡኖ የሚባለው ኦሪጅናል የአርዱይኖ ቦርድ ይህ ጣጣ የለበትም። «እኔ የመገናኛ ዕቃ ነኝ» ብሎ ምድቡን ስለሚናገር ሊኑክስ በምድቡ ይቀበለዋል። ለዚህ ነው የፖርቱ ስም ቲቲዋይ-ዩኤስቢ ሳይሆን ቲቲዋይ-ኤሲኤም የሚሆነው።

ከዩኤስቢ በፊት የነበረው ኮም ፖርት ከዚህም ይብስ ነበር። ሽቦው ራሱ ማንነት የሚባል ነገር አያውቅም። ሲስተሙ አንዱን መስመር ከፍ ያደርግና ይጠብቃል፤ ማውስ ከሆነ «ኤም» የምትለውን የላቲን ፊደል ይልካል። ጂፒኤስ ግን ማንም ሳይጠይቀው ያለማቋረጥ ያወራል። ዊንዶውስ ማውስ ይመስለውና ጠቋሚው ስክሪኑ ላይ ይፈነጫል። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

አሁን ሁለት ናኖ አብሬ እየሰካሁ ነው። ቺፖቻቸው የየራሳቸው ሲሪያል ቁጥር ስለሌላቸው በመለያ ስማቸው መለየት አይቻልም። ሊኑክስ ግን በተሰኩበት ቀዳዳም ስም ይሰጣቸዋል፤ ኮዴ የሚጠራቸው በዚያ ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ሀ» እና «ለ» ብዬባቸዋለሁ።