መኪናዬ ኮዬ ፈጬን አታውቅም

እሑድ ማታ ነው። ጫማዬን በረንዳ ላይ አውልቄ ነው የገባሁት፤ የኮዬ ጭቃ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ዛሬ ከሰሚት ኮዬ ፈጬ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶብናል። በደህና ቀን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የሄድነው አራስ ልንጠይቅ ነው። የአክስቴ ልጅ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው። እማዬ ጋቢና ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የዶሮ ወጥ ድስት፣ እግሯ ሥር የአጥሚት ፔርሙስ አለ። "ድስቱን ከኋላ እናድርገው" ብላት "ይደፋል" ብላ እምቢ አለችኝ። ጭኗ ላይ ሆኖም ከመደፋት አልተረፈም።

መኪናዋ ኤሌክትሪክ ናት። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ እኔም እንደ ብዙው ሰው ወደ ባትሪ ዞርኩ። ለቻይና ገበያ የተሠራች ናት። ስለ አነዳዷ ክፉ አይወጣኝም። ዳገት አትፈራም፣ ድምፅ የላትም፣ የማደያ ሰልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። የሚያናድደኝ መሐል ላይ የተተከለው ያ ትልቅ ስክሪን ነው።

ስገዛት ሻጩ ስክሪኑን በጣቱ እያንሸራተተ "ናቪጌሽን አላት" ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፣ አላት። የሻንጋይን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ ሳታውቀው አትቀርም። አዲስ አበባ ላይ ግን ካርታውን ስትከፍተው ግራጫ ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቀስት ቆማለች። መንገድ የለም፣ ስም የለም፣ ወንዝ የለም። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ቀስቷም ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሜዳው ግን ያው ሜዳ ነው።

ዛሬ ጎሮ ላይ እማዬ አየቻት።

"ይቺ ምንድናት?"

"እኛ ነን እማዬ።"

"ብቻችንን ነን እንዴ?"

ለነገሩ ቀስቷ ምንም አላጠፋችም። ጂፒኤስ ሥራው አንድ ነው። 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ የት እንዳለህ ያሰላል። ሳተላይቶቹ ለሻንጋይም ለኮዬም ምልክት ይልካሉ፣ አያዳሉም። ካርታው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ሰው ለክቶ፣ ሥሎ፣ ስም ጽፎ መኪናዋ ውስጥ መክተት አለበት። የኔዋ ውስጥ ኢትዮጵያን የከተተ የለም። ቻይና ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በአገሩ ደንብ ካርታ ላይ የሚወጣ ነጥብ ለጸጥታ ሲባል ከእውነተኛው ቦታ ሆን ተብሎ በመቶዎች ሜትር እንዲዛባ ይደረጋል። እኔ ኮዬ ላይ መቶ ሜትር ብቻ የሚዛባ ካርታ ባገኝ ስለት አገባ ነበር።

ከዚህ በፊት የነበረችኝ መሪዋ የዞረ፣ ጃፓን ሠራሽ አሮጌ መኪና ነበረች። እሷም ናቪጌሽን ነበራት። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር አንዲት ሴት በጃፓንኛ ረጋ ብላ ታናግረኛለች። አራት ዓመት ሙሉ "እንደምን አደርክ" የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ጃፓን የተማረ ጓደኛዬ አብሮኝ ሲሄድ ሰማትና ሳቀ። "የመንገድ መክፈያ ካርድህን አላስገባህም ነው የምትልህ" አለኝ። ለአራት ዓመት ስወቀስ ኖሬያለሁ። ሬዲዮዋም እንደዚያው ነበር። የዚያን ጊዜ የጃፓን መኪና ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ብቻ ነበር የሚይዘው። ሸገር 102.1 ነው፣ ፋና 98.1 ነው። ማስተካከያ እስኪገጠምላት ድረስ በዝምታ ነው የነዳኋት።

መኪና ውስጥ የሚሠራ ካርታ ከጥንቱም ጣጣው ይኸው ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ሳተላይት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። በሂሊየም ጋዝ የሚሠራ አቅጣጫ መለኪያ ነበረው። ካርታው ደግሞ በእጅ የሚገባ ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ታትሞ፣ ሲያልቅ በሌላ ይቀየር ነበር። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ዲቪዲ መጣ፣ ሚሞሪ ካርድ መጣ። ያው ካርታው ከመኪናው ጋር ተወልዶ ከመኪናው ጋር ያረጃል። ሰው ካላደሰው አይታደስም። ኮዬ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ሰፈር አይደለም። ባለፈው ክረምት ያለፍኩበት ሜዳ ላይ ዛሬ ወፍጮ ቤት፣ ፋርማሲና ሦስት ፎቅ ቆሟል።

ስለዚህ የምነዳው በስልኬ ነው። ስልኬን ከስክሪኑ ጋር ላገናኝ ሞክሬ ነበር። "ሶፍትዌር እንሠራለን" ከሚሉ ልጆች አንደኛው ብሬን ተቀብሎ ግማሹን ሜኑ እንግሊዝኛ አደረገልኝ። ግማሹ ቻይንኛ ቀረ። ካርታው ላይ ምንም ለውጥ የለም። ስክሪኑን ነቅዬ ብጥለው ደስ ባለኝ፣ ግን ኤሲውም መስታወቱም የሚታዘዘው በእሱ ነው። አሁን የተማሪ ደብተር የሚያህለው ስክሪን ፊት፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልኬ በላስቲክ ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ይመራኛል። ከሩቅ ላየው ሰው ያሳፍራል።

ስልኩ የሚያስቀናው ደግሞ የመንገድ መዘጋጋቱን ማወቁ ነው። መስመሩን ቀይ የሚያደርገው የሚያይ ካሜራ ስላለው አይደለም። ከፊትህ የቆሙት ሰዎች ኪስ ውስጥ ያሉት ስልኮች መቆማቸውን ስለሚናገሩ ነው። መኪናዬ የማንንም ወሬ አትሰማም።

ግን ስልኩንም ታቦት አላደርገውም። ጸሐይ ሲመታው ይግላል። ፓኬጅ ሲያልቅ፣ ካርታውን አስቀድመህ ካላወረድክ፣ እሱም ግራጫ ይሆናል። ዛሬ ጉድ የሠራኝ ግን ሌላ ነው። ከጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ልክ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። የአራሷ ባል ነው። ካርታው ተሸፈነ።

"የት ደረሳችሁ?"

"ደርሰናል፣ ደርሰናል!"

ዘግቼ ቀና ስል መታጠፊያው ከኋላዬ ነው። ጥቂት ሄድኩ፣ ደግሞ ሌላ መታጠፊያ ሳትኩ፣ ከፊቴ የአዳማ የክፍያ መንገድ መግቢያ ተደቀነ። ከኋላዬ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል። ቲኬት የምትሰጠዋን ልጅ "መዞሪያ የለም?" ብላት "እዚህ አይዞርም ጋሼ፣ ቀጣዩ መውጫ ላይ ይውጡ" አለችኝ። በአንድ እጇ ቲኬት፣ በሌላው ቡና። ባትሪው 41 በመቶ ነበር። እማዬ ድስቷን አቅፋ ዝም ብላ ቆየችና፣

"ሶደሬ ነው የምትወስደኝ?" አለችኝ።

መንገዱ ግን ያምራል። ዱከም ላይ ያሉት ማሳዎች በክረምት እንዴት አረንጓዴ እንደሚሆኑ ረስቼው ነበር። ሄጄ ከፈልኩ፣ ተመልሼ ከፈልኩ።

ኮዬ ስንገባ ስልኩ "ወደ ቀኝ ታጠፍ" አለ። በሁለት ብሎክ መሐል ያለች ቀጭን መንገድ ናት። በጋ ላይ መንገድ ነበረች ይሆናል። አሁን ዋልካ ነው፣ ያ ጥቁር ጭቃ። የፊት ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ሲል የድስቱ ክዳን ተነሣ። የእማዬ ነጠላ አረንጓዴ ጥለት ነበረው። አሁን ቀይም አለው። አንዲት እንቁላል ተንከባላ መቀመጫው ሥር ገባች። እስካሁን አላገኘኋትም።

እንደምንም ወጥተን የስልኩ ቀይ ነጥብ ላይ ደረስን። ሥጋ ቤት ነው። ደወልኩለት።

"ሎኬሽኑ እኮ ሥጋ ቤት ነው።"

"ውይ፣ ትናንት ሥጋ ልገዛ ቆሜ ነው የላክሁልህ!"

የብሎክ ቁጥሩን ነገረኝ። ቁጥሩ ግን ካርታው ላይ የለም፣ ብሎኮቹም ላይ ቀለሙ ለቆ ግማሹ አይነበብም። እማዬ መስታወቱን አስወረደችኝና አንድ የባጃጅ ልጅ ጠራች።

"የኔ ልጅ፣ አራስ ያለችበትን ቤት ታውቃለህ? ባሏ ረጅም ነው፣ ቀይ፣ ትንሽ ያነክሳል።"

ሳቄን ለመያዝ መሪውን አጠበቅሁት። ኮንዶሚኒየም ሙሉ አራስ እንዳለ ልነግራት ነበር።

"ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነዋ እማማ። ሴት ነው የወለደችው አይደል? ተከተሉኝ።"

ሁለት ጊዜ ታጠፍን፣ ከደረቁ ልብሶች ሥር አለፍን፣ ደረስን። ልጁ ሃምሳ ብር ስሰጠው አልቀበልም ብሎ ሄደ። ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር። አጥሚቱ ግን ፔርሙስ ውስጥ ስለነበር እንፋሎቱ ወጣ፣ አራሷ ሁለት ኩባያ ጠጣች። ልጅቷ የአክስቴን አፍንጫ ይዛለች።

ሲመሽ ወጣን። መኪናዋን ሳስነሣ ቻይናዊቷ ሴት እንደ ልማዷ ረዘም አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ቀበቶ ስለማሰር ይሁን ስለ ባትሪው እኔ አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ግራጫው ሜዳ ተከፈተ፣ ቀስቷም ቆመች።

እማዬ ባዶውን ድስት አመቻችታ "አሜን፣ አሜን" አለቻት።