ፍሬኑን ብርድ የመታው መኪና

ጋራዣችን የገባው ልጅ ተናዶ ነበር። መኪናው ትንሽና ቀላል ናት። በሥራ ቀን ቢሮ ታደርሰዋለች፣ በእረፍት ቀን ትራክ ላይ ይወዳደርባታል።

«አዲስ የውድድር የፍሬን ሸራ በአራቱም ጎማ አስገብቼ ፍሬኔ ጭራሽ ባሰበት» አለ። «ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ።»

ካርቶኑንም ይዞ መጥቷል። እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚችል ተጽፎበታል። የድሮው ተራ የከተማ ሸራ ጥቂት ዙር ከሮጠ በኋላ እየጋለ መያዝ ያቅተው ነበር። ልጁም ትልቁን ቁጥር ገዝቼ ልገላገል አለ።

ከእኛ አንዱ «ከዚህም የባሰ ጠንካራ አለ፣ እሱን እናስገባለት» ብሎ ተነሳ። አለቃችን ዝም ብሎ ጎማውን አስፈታና ሸራውን አገላብጦ አየ።

«የቱ ኩርባ ላይ ነው እምቢ የሚልህ?»

«መጀመሪያው ላይ ጋሼ። ገና ስወጣ። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይሻለዋል።»

«ፔዳሉስ? ይሰምጣል ወይስ ይደርቃል?»

«ድርቅ ነው የሚለው! ብቆምበትም አይዝልኝ።»

አለቃችን ሳቀ። «ፎርጅድ አይደለም ልጄ። ብርድ መቶት ነው።»

የፔዳሉ ጥያቄ ዋዛ አይደለም። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከያዘ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ሲፈላ ውስጡ ትነት ይፈጠራል፣ ትነት ደግሞ ይታመቃል፤ እግርህ ባዶ የረገጠ ይመስልሃል። ለዚህ በሽታ ሸራ መቀየር ብር መጣል ነው። ፔዳሉ ደረቅ ሆኖ መኪናው አልቆም ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለው ሸራው ላይ ነው። ወይ ከልኩ በላይ ግሏል፣ ወይ ገና አልሞቀም። የልጁ የድሮ ሸራ ሲግል ነበር የሚከዳው። አዲሱ ደግሞ ሳይሞቅ።

ካርቶን ላይ ሁሉም ሰው የሚያየው የላይኛውን ቁጥር ነው። ሸራው መንከስ የሚጀምርበትን የታችኛውን ቁጥር የሚጠይቅ ደንበኛ ብዙም አላየሁም። ለከባድና ለፈጣን መኪና የተሠራ ሸራ በደንብ ሳይግል ሥራውን አይጀምርም። ፍሬን የሚውጠው ጉልበት ከመኪናው ክብደት ጋር ይጨምራል፤ ፍጥነትማ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ቀላል መኪና ያን ያህል ሙቀት ከየት ታመጣለች?

አንዳንድ ሸራ ጀርባ ላይ እንደ «ኤፍ ኤፍ» ያሉ ሁለት ፊደሎች ይታተማሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ለከተማ መኪና ይጠቅማል። ፈተናው ግን የትራክ ሙቀት ድረስ ስለማይሄድ፣ ለውድድር በእሱ መምረጥ ለእኔ በግምት እንደመምረጥ ነው።

አለቃችን ግምት አይወድም። ሲግል መልኩን የሚቀይር ቀለም አወጣና ሸራው እየጨበጠ የሚያቆማቸው ክብ ብረቶች፣ ዲስኮቹ፣ ጠርዝ ላይ ሦስት መስመር ቀባ። አረንጓዴው 430 ዲግሪ፣ ብርቱካናማው 560፣ ቀዩ 610 ገደማ ላይ ይቀየራል። ልጁን «ትራክ ሂድና እንደልማድህ ንዳ፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ግን ቀስ በል» ብሎ ሸኘው።

ሲመለስ የፊቶቹ ዲስኮች ላይ አረንጓዴው ነጥቷል፣ ብርቱካናማው እንዳለ ነው። የኋላዎቹ ላይ አንዱም አልተነካም። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ቀዝቃዛ ሆኖም የሚይዝ፣ 600 አካባቢ ድረስም የማይከዳ መካከለኛ ሸራ በቂው ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ግን አልተረታም። «እሺ፣ የኋላውን በጣም የሚነክስ እናድርገው፤ የፊቱን ያግዘዋል» አለ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ላይ የሚያስበው ነው፣ አደገኛም ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀላል። በዚያ ላይ ፍሬኑ ከነከሰ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናዋ ዞራ ትቀራለች። ስለዚህ ለኋላ ከፊተኛው ትንሽ ለስለስ ያለ አስገባን።

ዲስኮቹን በሸካራ ወረቀት አሸናቸው፤ የድሮው ሸራ የለቀቀው ሽፋን ከአዲሱ ጋር አይስማማም። ከዚያ ማላመድ ነው። መካከለኛ ፍጥነት ላይ ደጋግሞ ፍሬን መያዝ፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ በኋላ ፍሬን ሳይነኩ እየነዱ ማቀዝቀዝ። በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጠህ ከቆምክ ሸራው አንድ ቦታ ላይ ይለጠፋል፣ ፔዳሉም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ሰው «ዲስኩ ተጣመመ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ አልተጣመመም። ዘይቱንም አብረን ቀየርን፣ ጠቁሮ ነበር።

ልጁ ከቀጣዩ ውድድር በኋላ ደወለ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይይዛል፣ መጨረሻው ላይም ይይዛል። ከተማ ውስጥ ግን ይጮኻል፣ ቸርኬውም በአቧራ ጠቁሯል። አለቃችን ለሥራ ቀን ሌላ ሸራ ይዘህ እየቀያየርክ ንዳ አለው። ልጁ በየሳምንቱ ጎማ መፍታት አልፈለገም። አሁን ወደ ጋራዣችን ሲመጣ ገና መንገዱ ላይ እያለ እንሰማዋለን።